አንድ ይቀራል

ጽዮን ከመድረኩ አልወረደችም።

አብረዋት በአፋርኛ፣ በሲዳምኛ፣ በኦሮምኛና በወላይትኛ ሰላምታ ያቀረቡት ልጆች ሰላምታቸው ተመልሶላቸውና ተጨብጭቦላቸው፣ የካርቶን ጋሻቸውንና የተዋሱትን ቀሚስ እየሰበሰቡ በመውረድ ላይ ናቸው። እሷ ግን ማይክራፎኑ አጠገብ ቆማለች። የንፋስ መውጫ ነፋስ ለብሔር ብሔረሰቦች ቀን በትምህርት ቤቱ ግቢ የተወጠረውን ሸራ ያርገበግበዋል።

«ጨርሳችኋል እኮ፣ ጽዮን» ይላታል መድረኩን የሚመራው መምህር ጌዲዮን፣ ፈገግ ብሎ።

«አንድ ይቀራል» ትላለች።

ይህን ስትሰማ፣ ወላጆች መሀል የተቀመጠችው እናቷ ሐረገ ወይን ነጠላዋን ትሰበስባለች። የቀረው የትኛው እንደሆነ ታውቃለች። ልጇን እሹሩሩ ብላ ያሳደገቻት በዚያ ቋንቋ ነው። ጦርነቱ ከተማው ድረስ መጥቶ ከሄደ ወዲህ ግን፣ ቤቷ ውስጥ በር ዘግታ እንኳ አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም። ማይጨው ያሉት የእናቷ ስልክ እንደተዘጋ ነው፤ ቢከፈትም የት ቆማ እንደምታናግራቸው አታውቅም። የየት አገር ሰው እንደሆነች ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አያነሳባትም። እስከ ዛሬ ያኖራት ይህ ዝምታ ነው።

ከጎኗ እትዬ አማረች ተቀምጠዋል። ቤታቸው ከቤቷ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ልጃቸው ዋሴ ወደ ጦርነቱ ዘምቶ በዚያው ቀርቷል፤ መርዶው እንጂ አስከሬኑ አልመጣም። ዛሬም ከላቸውን አላወለቁም፤ የመጡት የልጅ ልጃቸው ስለምትዘፍን ነው። በዋሴ ልቅሶ ጊዜ ሐረገ ወይን ድንኳኑ ውስጥ ከሰው ሁሉ ኋላ ተቀምጣ፣ ማልቀስ እንኳ ፈርታ ነበር።

«ጽዮንዬ፣ ውረጂ» ትላለች። መድረኩ ድረስ አይሰማም።

ልጅቱ ማይክራፎኑን ወደ አፏ ዝቅ ታደርጋለች።

«ከመይ ሓዲርኩም?»

እንደምን አደራችሁ ነው ያለችው። የሚሰማው ሸራው ብቻ ነው።

«ምንድን ነው ያለችው?» ይላል ከኋላ አንድ ጎልማሳ።

«ሰምተሃታል እኮ» ይለዋል ሌላው።

«የማን ልጅ ናት?»

ሐረገ ወይን ከኋላዋ አግዳሚ ተገፍቶ ሰው ሲነሳ ትሰማለች። ለመዞር አንገቷ እምቢ ይላታል። መምህር ጌዲዮን እጁን ወደ ማይክራፎኑ ሰዶ መልሶ ይሰበስባል፤ የሚያደርገው ጠፍቶታል።

ጽዮን ትጠብቃለች። ለሌሎቹ እንደተመለሰው ሁሉ ለእሷም ሰላምታዋ እንዲመለስላት ትፈልጋለች። ዓይኗ ከአግዳሚ አግዳሚ ሲንከራተት ቆይቶ እናቷ ላይ ያርፋል። ማይክራፎኑን አልለቀቀችም።

ሐረገ ወይን የግቢውን በር ታያለች። ልጅቱን ጎትታ ብትወጣ ከሰው ዓይን ታመልጥ ይሆናል። ከዚያስ? የምትገባው እዚያው ቤት፣ የምትዘጋው ያንኑ መስኮት ነው። ባሏ የጭነት መኪናውን ይዞ ወደ ደብረ ታቦር ሄዷል፤ ዛሬ አይመለስም።

ሳታስበው ቆማለች።

«እግዚኣብሔር ይመስገን። ደሓን ዶ ሓዲርኪ፣ ጓለይ?» ትላለች። እግዜር ይመስገን፣ ደህና አደርሽ ወይ ልጄ ማለቷ ነው። በሰው ፊት ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ይሆንባታል።

አንድ እጅ ነጠላዋን ጭምድድ አድርጎ ወደ ታች ይስባታል። እጁ የእትዬ አማረች ነው። አግዳሚው ላይ ዘጭ ትላለች። አሁን ይጮሃሉ፣ ትላለች በልቧ። እሳቸው ከጮኹ ሌላውን የሚያቆመው ሰው የለም።

እትዬ አማረች አይጮሁም። ነጠላዋንም አይለቁም። ከኋላ ያለው ሰውዬ ዳግመኛ «የማን ልጅ ናት?» ሲል፣ ዞር ሳይሉ ይመልሱለታል።

«የጎረቤቴ ልጅ ናት። ቁጭ በል።»

ያንን ከል የማያውቅ ሰው በአካባቢው የለም። ሰውዬው ይቀመጣል። ከፊት ረድፍ አንድ ሁለት ሰው ያጨበጭባል፤ ጭብጨባው ሳይሞቅ ይቆማል። ጽዮን እጅ ነስታ ትወርዳለች። መምህር ጌዲዮን የሚቀጥሉትን በጥድፊያ ይጠራል፤ ከበሮ ይመታል፤ ልጆች ይገባሉ።

«እትዬ» ትላለች ሐረገ ወይን፤ «ልጅ ናት እኮ። አላወቀችም።»

«ዋሴ መጨረሻ የሰማው ይህን ቋንቋ ነው» ይላሉ እትዬ አማረች፣ ዓይናቸውን ከመድረኩ ሳይነቅሉ።

ሐረገ ወይን ተነስታ መሄድ ይዳዳታል። ነጠላዋ አሁንም በጭብጣቸው ውስጥ ነው፤ ብትነሳም መሄድ አትችልም።

«ጋደም ባልኩ ቁጥር ይሰማኛል። ቃሉን አላውቀውም፤ እንዲያው ጩኸት ነው የሚሆንብኝ። ጩኸት ብቻ።» ከበሮው በረድ ይላል። «ልጅሽ ስትለው ግን እንደሱ አይደለም።»

ነጠላዋን እንደገና ሳብ ያደርጉታል፤ አሁን ቀስ ብለው።

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ሐረገ ወይን ግራና ቀኟን ታያለች። ሰው ሁሉ ዓይኑ መድረኩ ላይ ነው፤ ወይም ያስመስላል። ወደ እሳቸው ጎንበስ ትላለች። እትዬ አማረች ጥቁር ሻሻቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አድርገው ይጠብቃሉ።