የአሮጌዋ ሞተር ሙከራ

አቶ ጥላዬ «አንተን ብሎ መካኒክ» ብለው በእድርተኛው ሁሉ ፊት ያዋረዱት አምና፣ በሐምሌ አቦ ማግስት ነበር። ደምሰው አልረሳም። ዛሬ አልነሳ ያለች አሮጌ ሞተራቸውን እየገፉ ጋራዡ ድረስ መጡለት። ካንዴላውን ጠርጎ አስነሳት። የቤንዚኑ ቱቦ ግን ተሰንጥቆ፣ የተላጠ ሽቦ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ ለመቀጣጠል አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። አየውና የሞተሯን የጎን ክዳን ገጠመበት።

«ሌላ ችግር የላትም?» አሉት።

«ምንም የላትም፣ ጋሼ። ቆላ ድረስ ታደርስዎታለች።»

«ተባረክ። ያኔ ክፉ ተናግሬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ።» ቁልፉን ዘረጉለት። «በል እንግዲህ፣ መጀመሪያ የሚነዳው የጠገነው ነው። እኔ ከኋላህ እቀመጣለሁ።»

ደምሰው እጁን በጨርቅ ጠረገ። ቁልፉን ሳይቀበል በጓሮ በኩል ወጥቶ ሄደ።