ካርታው የማያውቀው ሰናፍጭ

ካርታው ሕግ ከሆነ ወዲህ ማንኛውም ተክል የሚበቅለው ካርታው በፈቀደለት ቦታ ብቻ ነው። ለሰናፍጭ የተፈቀደለት ከወንዙ ማዶ ያለው ገላጣ አለት ነው። ስለዚህ የአገሩ ስልጆ ያለ ሰናፍጭ ይሠራል፤ ማንንም አያስነጥስም፤ ሰዉም ተመስገን ብሎ ይበላል። ወይዘሮ ትርንጎ ግን ይህን ስልጆ "የባቄላ ሙቅ" ይሉታል።

እሳቸው ጓሮ፣ ከካቡ ሥር፣ ማንም ያልዘራው ሰናፍጭ በቅሎ ደርሷል። የካርታ ተቆጣጣሪው ናሁሰናይ በጠራራ ፀሐይ የመለኪያ መሣሪያውን አንግቦ መጣ።

"እትዬ፣ እዚህ ሰናፍጭ አይበቅልም።"

"ምን ይደረግ ልጄ፣ ፊደል አልቆጠረም።"

ናሁሰናይ ከፍሬው ቆንጠር አድርጎ አኘከ። እንባው ዱብ ዱብ አለ። እሱንም እየጠረገ "ያልታወቀ አረም" ብሎ መዘገበና ሊነቅል እጅጌውን ሰበሰበ።

የደረሰ ሰናፍጭ የሚነቀለው በማለዳ፣ ጤዛው ሳይለቀው ነው። ፀሐይ ካገኘው ፈንድቶ ፍሬው ይረግፋል። ወይዘሮ ትርንጎ ይህን ሊነግሩት አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ለጾሙ ተስፋ ያደረጉት ይህንኑ ሰናፍጭ ነበር፤ የስልጆ ማሰሯቸውም ዘንድሮ ባዶዋን ልትጾም ነው።

ናሁሰናይ ግንዱን ጨብጦ ሳበው። ፍሬው እንደ አሸዋ ተረጨና በሱሪው እጥፋት፣ በጫማው፣ በመሣሪያው ማንገቻ ሳይቀር ገባ።

"ከዚህ ወዴት ነህ ልጄ?"

"ገና ሰባት ቀበሌ ይቀረኛል።"

"በል እግዜር ይከተልህ። ሱሪህን ግን እዚህ አታራግፍ፤ ግቢዬን ታቆሽሽብኛለህ።"