ሁለት መውጫ ያለው ማሽን

ልጅቷ ሰሌዳው ላይ የሣለችውን ቀስት በመዳፏ ጠራርጋ ስታጠፋ የእናቷ ልብ ስንጥቅ ይላል።

«በቃ፣ አለቀላት» ትላለች በሹክሹክታ።

እናት ጃንጥላዋን በገባችበት በር ጥግ አቁማ የተቀመጠችው ከኋላ፣ ከአዳራሹ ሁለት በሮች እኩል ርቀት ላይ ነው። የትም ስትገባ መውጫውን ሳታይ አትቀመጥም፤ እሳት ቢነሣስ? ጣራው ቢደረመስስ? ዛሬ ደግሞ የልጇ የመጨረሻ የቃል ፈተና ነው። ካለፈች እዚሁ መምህርት ሆና ትቀራለች፤ ከወደቀች የአራት ዓመት ልፋቷን ውኃ በላው።

«የእርስዎ ልጅ ናት?» ይላታል የራሱን ልጅ ተራ የሚጠብቅ ሰውዬ። «ምንድን ነው የምትሥለው?»

«ማሽን ነው።»

«ብሎኑስ የታለ?»

«ቃል የሚያነብ ማሽን ነው፣ ወንድሜ። ብሎን የለውም።»

ልጅቷ ቤት ስታጠና እናት ደጋግማ ሰምታታለች። ክቦቹ ማረፊያ፣ ቀስቶቹ መንገድ ናቸው። ቃሉ ከመግቢያው ክብ ይነሣና ለየፊደሉ አንድ ቀስት ይከተላል፤ መውጫ ክብ ላይ ደርሶ ካለቀ ማሽኑ ይቀበለዋል፤ ሌላ ቦታ ከቀረ ይጥለዋል። ልጅቷ ማሳየት ያለባት፣ አንድ ማሽን የሚቀበላቸው ቃላት ሁሉ ከኋላ ወደ ፊት ቢገለበጡም የሚቀበላቸው እንዲህ ያለ ማሽን እንደማይጠፋ ነው። ተገለበጡም አልተገለበጡም እንዲህ ያለ ማሽን ከሚያነባቸው ቃላት ቤተሰብ አይወጡም።

ለካ እያጠፋች አይደለም፤ እያዞረች ነው። የእያንዳንዱን ቀስት ጫፍ ወደመጣበት ትመልሰዋለች። መግቢያው መውጫ፣ መውጫው መግቢያ ይሆናል። ሳታመነታ ከአንዱ ቀስት ወደ ሌላው ታልፋለች። ይህ ድፍረት ከማን ወጣ? ትላለች እናት፤ ከእኔስ አይደለም።

ሽማግሌው ፈታኝ መነጽሩን ያወልቃል።

«ቆይ እስቲ፣ ልጄ። የቀድሞው ማሽን ሁለት መውጫ ነበረው። አሁን ሁለት መግቢያ ሊኖረው ነው። ሕጋችን የሚፈቅደው አንድ ብቻ ነው። ቃሉ በየት ይግባ?»

ልጅቷ ጠመኔዋን እንደያዘች ትቆማለች። ይህን ሕግ ረስታዋለች። እናት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታጣብቃለች፤ ያቺ የፈራቻት ጥያቄ መጣች።

ልጅቷ ዞር ብላ ወደ ኋላ፣ ወደ እናቷ ታያለች። ከእናቷ ወደ አንደኛው በር፣ ከዚያ ወደ ሌላኛው። ፈገግ ትላለች። ተመልሳ ከሁሉም ክቦች ውጭ አንድ አዲስ ክብ ትሥልና ከእሱ ወደ ሁለቱም መግቢያዎች ቀስት ትስባለች።

«ይኸው አንድ መግቢያ። እነዚህን ሁለት ቀስቶች ቃሉ ምንም ፊደል ሳያነብ ነው የሚያልፍባቸው። እዚህ ይቆምና የሚበጀውን በር ይመርጣል።»

«ይህን ከየት አመጣሽው?»

«እናቴ የትም ስንሄድ በሮቹን ታስቆጥረኛለች፣ መምህር። ሁለት በር ካለ ከፊታቸው መቆሚያ አይጠፋም።»

ሽማግሌው ሰሌዳውን አፍጥጦ ያያል፤ በጣቱ አንድ ቃል እየተከተለ ከአዲሱ ክብ ተነሥቶ እስከ መውጫው ይደርሳል። ሌላም ይሞክራል።

«ተቀመጪ» ይላል በመጨረሻ፣ «መምህርት።»

ሰውዬው እናትን በክርኑ ይነካታል። «ብሎን ሳይኖረው ሠራ እኮ!»

እናት አትሰማውም። ልጇ መዳፏ በጠመኔ ነጥቶ በወንበሮቹ መሐል ወደ እሷ ትመጣለች።

«እማዬ፣ እንሂድ። ጃንጥላሽን የትኛው በር ጋ ነው ያቆምሽው?»

እናት አንዱን በር ታያለች፤ ሌላውንም ታያለች። በየትኛው እንደገባች አታስታውስም።