በፍሬም የተሰቀለው ደብዳቤ

«ሳይድ ኤ አለቀ!» አለና ዘርይሁን ቴፑን አቆመ። «ማንም እንዳይነሳ። ካሴቱን ገልብጬ እንቀጥላለን። መጀመሪያ የሥርጉት የበርበሬ ማስታወቂያ፣ ከዚያ የፍሬሟ ሴትዮ ቀልድ።»

ይመኙሻል ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

የዘርይሁን ሳሎን በስደት አገር፣ ክሬሰንት ታውን በሚባል ሰፈር አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው። የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ግድግዳው ሁሉ ብርድ ልብስ ለብሷል። ሃያ የሚሆን ሰው ምንጣፉ ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ የተጠራው ለመሳቅ ነው። ጋሽ ሀብተማርያም ሠላሳ ዓመት መድረክ ላይ ሰው ሲያስቅ የኖረ ሰው ነው፤ ማይክሮፎን ብቻውን ሲያፈጥበት ግን ቀልዱ ጉሮሮው ውስጥ ይደርቃል። «ለብረት አልቀልድም፤ ሰው አምጡልኝ» ብሎ ነው ይህ ሁሉ ሕዝብ የተሰበሰበው። የመጀመሪያ ካሴቱ ነው። እዚህ አገር የሚወጣበት መድረክ የለም፤ በካሴት ካልተሰማ አለቀለት።

የፍሬሟ ሴትዮ ደግሞ ይመኙሻል ናት።

የዛሬ ሁለት ዓመት ከልጇ ከሔለን ትምህርት ቤት ወርቃማ ማኅተም ያለበት ወረቀት መጣ። «ምን ይላል?» ብትላት ልጅቱ «ሽልማት ነው» አለቻት። ይመኙሻል ፍሬም ገዝታ ከቅዱስ ዑራኤል ሥዕል አጠገብ ሰቀለችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እያስነሳች አሳየች። ሰው አፍሮ ዝም ሲል ሥርጉት ባለ ባልትናዋ ጮክ ብላ አነበበችው። ሔለን ክፍል እየቀረች ስላስቸገረች ልትባረር እንደሆነ የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ሔለን አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። እናትየውም ማታ ማታ እንግሊዝኛ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ከሕፃናት ጋር ፊደል ትቆጥራለች። ጋሽ ሀብተማርያም ከፍሬሙ የሠራው ቀልድ ግን ይህን አይናገርም። ካሴቱ ፍሬሙን ይዞ ከዚህ እስከ ዋሽንግተን ይዞራል።

«ማም፣ ፕሊዝ፣ እንሂድ» አለች ሔለን። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋ ሳይቀር ቀልቷል።

«ቁጭ በይ።»

ሥርጉት ተነሥታ ለጋሽ ሀብተማርያም አንድ ወረቀት ሰጠችው። «ቃል እንዳይጎድልብኝ ጋሽ ሀብቴ። ስልኩም አለበት።»

«ዘርይሁን ያንብበው እንጂ። እኔን ማን ነጋዴ አደረገኝ?»

«ሰው የሚያውቀው የእርስዎን ድምፅ ነው!»

ዘርይሁን ጣቱን አነሳ፤ ቴፑ መዞር ጀመረ።

ጋሽ ሀብተማርያም ወረቀቱን አቀረበ፣ አራቀ። «ሥርጉት፣ ይሄን በበርበሬ ነው እንዴ የጻፍሽው? ዓይኔን ለበለበኝ!»

ቤቱ ሳቀ።

«እየቀረጽኩ ነው ጋሽ ሀብቴ» አለ ዘርይሁን።

«ቆይ እንጂ፣ የሐኪም ጽሕፈት እኮ ነው የሰጠችኝ!» አሁን የሳቁት ጥቂቶች ናቸው።

ይመኙሻል ዓይኑን አየች። የሚያነብ ሰው ዓይን እንደ ጉንዳን መስመር ይዞ ይሄዳል። የእሱ አንድ ቦታ ተተክሎ ቀርቷል። ይህን ዓይን ታውቀዋለች፤ አርባ ዓመት ሙሉ የራሷ ዓይን ነበር። ያን ጊዜ እቤቷ መጥቶ ፍሬሙ ሥር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መቆሙ ትዝ አላት። ብዙ አይቶ፣ «ጎበዝ! እግዜር ያሳድግሽ» ብሎ ሔለንን መረቃት። ሁለት ዓመት ሙሉ ያላገጠባት መስሏት ቂም ይዛ ነበር።

ቂሙ ግን ከሐሳቧ ቀድሞ ወጣ። «ምነው ጋሼ፣ ያንብቡት እንጂ!»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ቀጥሎም ወደ እሱ ዞረ። የሚሳቅ ነገር የጠበቀ ሁሉ አፉን እንደከፈተ ቀረ። የሠላሳ ዓመት ተዋናይ ፊት ባዶውን ቆመ።

እሷ ተነሣች። ሔለን ቀሚሷን ብትይዛትም አስለቅቃ፣ የሰዉን እግር እየተሻገረች፣ አጠገቡ ደረሰች።

«አታዋርጂኝ» አላት ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«እርስዎስ?»

አንገቱ ላይ ላብ ሲወርድ አየች። ማንበብ አለመቻሉን የሚገልጥ አንድ ቃል ብትጨምር የፍሬሟን ሴትዮ ከነካሴቷ ትቀብራታለች። ይመኙሻል ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አደረገች።

«ን…ጹሕ» አለች በሹክሹክታ። «በር…በሬ።»

«ንጹሕ በርበሬ!» አለ እሱ፣ ዙፋን ላይ እንደተቀመጠ ንጉሥ።

ሰዉ የጨዋታው አካል መስሎት በሳቅ ፈነዳ። እሷ ትንተባተባለች፤ እሱ ይፎክራል። አንድ ቦታ ፊደሉ ጠፋባት፤ እሱም አገጩን ቀና አድርጎ፣ ሆን ብሎ ያደረገው አስመስሎ ጠበቃት። ስልክ ቁጥሩ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም እኩል ተነፈሱ።

ተመልሳ ተቀመጠች። ምንም አልለመነችውም፤ ጊዜም አልነበረም።

«አሁን የፍሬሟን ሴትዮ!» አለች ሥርጉት።

ጋሽ ሀብተማርያም ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ከሔለን ወደ እናቷ ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለ።

«አንድ ቀን ደብዳቤ መጣልኝ። ለእኔ ለሀብተማርያም። ወርቅ የመሰለ ማኅተም አለበት! እኔና ፊደል ደግሞ ከተወለድኩ አልተዋወቅንም። ይኸው ስድሳ ሊሞላኝ ነው፤ ዛሬም መንገድ ላይ ብንገናኝ አንተዋወቅም። ታዲያ ምን ላድርገው? ፍሬም ገዛሁለታ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሥርጉት «አይ ውሸታም!» እያለች እንባዋን ትጠርጋለች። ዘርይሁን አፉን በሁለት እጁ አፍኗል፤ የቴፑ የድምፅ መለኪያ መርፌ ቀዩ ላይ ደርሶ ይርገበገባል። ሔለን እንኳ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች።

ጋሽ ሀብተማርያም ሳቁ እስኪበርድ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የሚያየው ይመኙሻልን ነበር። ያልሳቀችው እሷ ብቻ ናት።