ኪስ ያለው ዓለት

ልብስ ሰፊዋ ከመሬት አራት ሜትር ከፍ ብላ ዓለቱ ላይ እንደ ቁልፍ ተሰፍታ ቀረች። መውጣት አቃታት፤ መውረድም ፈራች። ሁለት እጆቿ የድንጋዩን ጠርዝ አንቀው ይዘው ነበር።

ከታች ገመዷን የያዘላት የልጇ ባል፣ “እትዬ፣ በቀኝዎ ኪስ አለ! እጅዎን ኪስ ውስጥ ይክተቱ!” ብሎ ጮኸ። ዓለት ወጪዎች ጣት የሚያስገባውን የድንጋይ ቀዳዳ ኪስ ይሉታል። ዕድሜዋን ሙሉ ኪስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ግን ሌላ ምን ኪስ ታውቃለች? ዓይኗን ጨፈነች፤ ቀኝ እጇን ከዓለቱ አላቀቀችና የሱሪዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

“ኧረ የዓለቱን! የዓለቱን ኪስ ነው ያልኩት፣ እትዬ!” አለ አማቿ፣ ሳቅና ድንጋጤ እየታገሉት።

ዓይኗን ገለጠች። አልወደቀችም። አንድ እጇን ኪሷ ከታ፣ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ዘና ብላ ቆማለች። ለካስ እስካሁን ይዘዋት የኖሩት እግሮቿ ናቸው! አፍና የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀችው።

“አትጩህብኝ እስቲ፣ የኔ ልጅ” አለችው ወደ ታች። “ትንሽ ልቁምበት።”