በብር ወይስ በባት

«እትዬ፣ ከካርዱ በብር ይቆረጥ ወይስ በታይላንድ ባት? የቱ ይረክስልዎታል?»

አስተርጓሚው ሲጠይቃት መልሱን አላወቀችም። ባንኮክ ለሕክምና መጥተው ሁለት ወር ያረፉበት ሆቴል ሒሳብ ነው። ሠላሳ ዓመት ከባሏ ተለይታ አታውቅም፤ ዛሬም ከሰዓት አብራው ለመብረር ቸኩላለች።

«በብር» አለች፣ የለመደችው ገንዘብ ስለሆነ።

ማሽኑ በራሱ ውድ ምንዛሪ አስልቶ ካርዱን አራቆተው፤ የሦስት ቀን ኪራይ ሳይከፈል ቀረ።

ልጇ ምንታምር በስልክ፣ «ምነው እማ፣ በባት ቢሆን እኮ ይበቃ ነበር» አለቻት።

«ሒሳቡ ካልተዘጋ ሆቴሉ የያዘውን ፓስፖርትዎን አይመልስም» አለ አስተርጓሚው።

«የእሱስ ጉዞ?»

«የእሳቸው ሣጥን አውሮፕላኑ ላይ ተጭኗል፤ አይወርድም።»

«አባትሽን ብቻውን ተቀበሉት» አለቻት ልጇን፤ «ቀብሩንም አታቆዩ።»

ከሰዓት በኋላ ባሏ ሄደ፤ እሷ ሆቴሉ ውስጥ ቀረች።