ከእናንተም ቤት

ወይዘሮ አለሚቱ የልጅ ልጃቸውን ኮፍያ ገለጥ ሲያደርጉ እጃቸው ባለበት ቀረ። የስምንት ቀኗ ሕፃን ፀጉር እንደ ጥጥ ነጭ ነበር፤ ሽፋሽፍቷም እንዲሁ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉ ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ የወጡት ጎረቤቶች ወሬያቸውን አቋረጡ። የሕፃኗ አባት ፊሮምሳ አቀረቀረ።

«በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» አሉ ወይዘሮ አለሚቱ።

ምራታቸው ረድኤት ይህን ስትጠብቅ ነው የሰነበተችው። የባዮሎጂ አስተማሪ ነበረችና ሰባ ተማሪ ፊት በምትናገርበት ድምፅ መለሰች።

«እማማ፣ ልጅ ቀለሙን ከእናቱም ከአባቱም ይወርሳል። ከአንዱ የወረሰው ቀለም የማይሰጥ ቢሆን ከሌላው የወረሰው ይሸፍነዋል። ሰውየው ጠይም እንደሆነ ይኖርና ሳያውቀው ለልጁ ያስተላልፈዋል። ይቺ የተደበቀውን ከሁለታችንም ነው ያገኘችው። ከእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደ እኛ ጠይም ትሆን ነበር። ስለዚህ ከእናንተም ቤት አለ ማለት ነው።»

አሮጊቷ ሕፃኗን ተቀበሏትና ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው በነጠላቸው ጫፍ ዓይኗን ከለሉላት።

«ፀሐይ ዓይናቸውን ይወጋቸዋል» አሉ ቀስ ብለው።

ፊሮምሳ ቀና አለ። «እነማንን ነው እማዬ?»

«እህቴን። ጫልቱን።» ሕፃኗን ጠጋ አድርገው አቀፏት። «እንግዳ በመጣ ቁጥር ጓዳ እናስገባት ነበር። እዚያው እንዳለች ሞተች። ለአንተም ነግሬህ አላውቅም።»

ወይዘሮ አለሚቱ ሕፃኗን እንዳቀፉ ከእንግዶቹ መሃል ገብተው ተቀመጡ።

«ኑ፣ እዩአት» አሉ። «የእኛው ናት።»